ቀጭኑ ሄክታር

ማክሰኞ ጠዋት፣ እንጅባራ መናኸሪያ

እንጅባራ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ኳስ አጫውታለሁ፤ ፊሽካ ነፊው እኔ ነኝ ማለት ነው። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት እንደገባ የሴቶች እግር ኳስ ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ጠሩኝና አንድ ሥራ ሰጡኝ። ከዳንግላ ወጣ ብላ ያለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ለሴቶች ቡድኗ አዲስ ሜዳ አግኝታለች። ሄጄ ሜዳው ደንቡን ማሟላቱን ማረጋገጥ አለብኝ። ካሟላ የመጪው እሁድ ጨዋታ እዚያው ይካሄዳል። ካላሟላ ቡድኑ የዓመቱን ጨዋታ ሁሉ በሰው ሜዳ ይጫወታል። መኪና የሚከራይላቸው ስለሌለ በሰው ሜዳ መጫወት ማለት አለመጫወት ማለት ነው።

ባለቤቴ ሙሉ «ሜዳ ለማየት ስንት ቀን ይፈጃል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ርዝመትና ስፋቱን ለክቼ ለራት እደርሳለሁ» አልኳት። ሃምሳ ሜትር የሚዘረጋውን የመለኪያ ጥቅልል፣ ፊሽካዬንና አንድ ወፍራም ሹራብ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ሹራቡን ያስያዘችኝ እሷ ናት።

የእንጅባራ ጉም ገና አልተነሣም ነበር። ረዳቱ «ዳንግላ፣ ዳንግላ፣ አንድ ሰው!» እያለ አራት ሰው ጫነ። ታሪፉ መቶ ሃያ ብር ነው፤ ለአራተኛው ሰው ግን መቀመጫ አልነበረምና ዱካ ተሰጠው። ዱካው ላይ የተቀመጡት ሰውዬ የአዲስ ቅዳም ገበሬ ናቸው፤ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ይተክላሉ። ከከተማው እንደወጣን በመስኮቱ ጣታቸውን ዘርግተው «ይኼ ሁለት ሄክታር የኔ ነው» አሉኝ።

«ከየት እስከ የት ነው?» አልኳቸው።

«ከዚህ…» አሉና ጣታቸውን ሳያጥፉ «እስከዚያ» ብለው ጨረሱ። መኪናው ግን አልቆመም ነበር። በመካከሉ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት ወፍጮ ቤትና አንድ ድልድይ አለፈ። ሁለት ሄክታር ምን ያህል እንደሚሆን በዓይኔ ገምቼ አላውቅም ነበርና ዝም ብዬ አመንኳቸው። ክፍል ውስጥ «አንድ ሄክታር አሥር ሺህ ካሬ ሜትር ነው» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሄክታር ላይ ቆሜ ግን አላውቅም።

አዲስ ቅዳም ላይ ከሰል የተሞላ ማዳበሪያ በመንገዱ ዳር እንደ ሰልፈኛ ተደርድሯል። ሰውዬው ወረዱ፤ ዱካውን ረዳቱ ወሰደው፤ እኛም እግራችንን ዘርግተን ዳንግላ ገባን።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሜዳው

ዳንግላ ላይ ሽሮ በልቼ በባጃጅ ወደ ገጠሩ መንገድ ገባሁ። ባጃጁ አስፋልቱን ለቆ ሩቅ ሳይሄድ አንዲት ረዘም ያለች ወጣት መንገዱ መሐል ቆማ አስቆመችን። የቡድኑ አምበል እናኑ ናት። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ከእናቷ ጋር ድንች ትነግዳለች።

«መምህር፣ እንኳን ደህና መጡ። ሜዳውን ከመለካትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርዎ» አለች። «ሲያዩት አይሣቁ።»

«ለምን እስቃለሁ?»

«ሁሉም ሰው ስለሚስቅ ነው።»

ደረስን። ከብት የሚነዳበትን መንገድ ተከትሎ፣ የዳጉሳ ገለባ የቀረበት አንድ መሬት ተዘርግቷል። መጀመሪያ ሜዳ መሆኑ አልገባኝም፤ ወደ ሜዳው የሚወስድ መንገድ መሰለኝ። እናኑ ግን አጠገባችን ያለውን ከባሕር ዛፍ የተሠራ ጎል አሳየችኝ። ተቃራኒውን ጎል ፈለግሁት፤ አጣሁት። «እዚያ ነው፣ ከዋርካው አጠገብ» አለች። ዋርካውንም ለማየት ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ።

መለኪያዬን ዘረጋሁ። ስፋቱ በአንድ ዝርጋታ ተለካ፤ ሃያ አምስት ሜትር፣ የጥቅልሉ ግማሽ። ለርዝመቱ ስንዘረጋና ስንጠቀልል ላብ አሰመጠኝ፤ ሹራቤን አወለቅሁ። አራት መቶ ሜትር።

አልሣቅሁም። ደንቡ ስፋቱ ቢያንስ አርባ አምስት፣ ርዝመቱ ቢበዛ መቶ ሃያ ሜትር እንዲሆን ነው የሚፈቅደው። ይኼ በስፋቱ ግማሽ ሜዳ ነው፤ በርዝመቱ ሦስት ሜዳ ከእነ ትርፉ።

«በዚህ ላይ ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ?» አልኳት።

«በየቀኑ እንለማመዳለን። በረኛችን ጎል ያገባን እንደሆን በስልክ ነው የምትሰማው። ኔትወርክ የጠፋ ቀን በሩጫ ሰው እንልክባታለን።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ደርሰው ሰላም አሉኝ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ግን በሥራቸው ሰው እንዲገባባቸው የማይፈልጉ መሆናቸው ከአካሄዳቸው ያስታውቃል። ሜዳው በጣም ጠባብ መሆኑን ስነግራቸው ስልካቸውን አወጡ።

«መምህር፣ ልጆቹ በጽሑፍ የጠየቁን አንድ ሄክታር ነው። አንድ ሄክታር ስንት ነው?»

«አሥር ሺህ ካሬ ሜትር።»

«አራት መቶን በሃያ አምስት አባዛው።» ስልኩን ዓይኔ ሥር አስጠጉት። አሥር ሺህ ይላል። «አንዲት ካሬ ጎድላለች? ቀበሌያችን ያለው ክፍት መሬት ይኼ ነው፤ ሰጠን።»

ሂሳቡ ልክ ነው። እናኑ ግን «አንድ ሄክታር ስንል አንድ ሜዳ ማለታችን ነበር፤ ገመድ አልጠየቅንም» አለች። ሊቀመንበሩ «ታዲያ ስንት በስንት እንደሆነ ትጽፉ ነበራ» ብለው ሄዱ።

ሁለቱም እውነት አላቸው። «ውድቅ» ብዬ ፈርሜ ለራት እንጅባራ መድረስ እችል ነበር። እናኑ ስለካ የያዘችልኝን ቦርሳ እንኳ ልታቀብለኝ አልፈለገችም፤ ይዛው ቆመች። መሬቱን ዞር ብዬ አየሁት። በቀጭኑ ሜዳ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከከብት መንገዱ በተቃራኒው ጎን፣ አንድ ደልደል ያለ ማሳ ተያይዞ ተኝቷል።

«ያ የማን ነው?»

«የአያ ቢተው። የእናቴ ወንድም ናቸው።»

«ክፉ ሰው ናቸው?»

«አይደሉም። መሬታቸው ሲነሣ ግን ጆሯቸው አይሰማም።»

ለሙሉ ስልክ ደውዬ ለራት እንደማልደርስ ነገርኳት። «ሜዳው ትልቅ ነው?» አለችኝ። «ረጅም ነው» አልኳት።

ረቡዕ፣ የዳቦው ትምህርት

ያደርኩት አያ ቢተው ቤት ነው። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ለእንግዳ አልጋቸውን ለቀው፣ እነሱ መደቡ ላይ ተኙ። ይኼን ያህል ካከበሩኝ ሰዎች ላይ ጠዋት ተነሥቼ መሬት መጠየቅ ከበደኝ። ግን ማሳውን እንድለካው ሲፈቅዱልኝ ሂሳቡ ራሱ መጥቶ እጄ ላይ ወደቀ። ከቀጭኑ ሜዳ ጎን የተያያዘው ርዝመቱ መቶ ሜትር፣ ጥልቀቱ ሰባ አምስት ነው። ሰባት ሺህ አምስት መቶ ካሬ። ከቀጭኑ ሜዳ የመጀመሪያውን መቶ ሜትር ትተን ቀሪውን ሦስት መቶ ብንቆርጥ፣ ሦስት መቶ በሃያ አምስት ያው ሰባት ሺህ አምስት መቶ ይሆናል። እሳቸው የኋላውን ማሳ ይስጡ፣ ቀጭኑን ይውሰዱ። ሜዳው መቶ በመቶ ይሆናል፤ ማንም አንዲት ካሬ አይጎድልበትም።

ይኼን ምሳ ላይ አስረዳኋቸው። አያ ቢተው በትሕትና አዳመጡኝ።

«የኔ ማሳ ሦስት ጥማድ ነው» አሉ። በዚህ አገር ጥማድ ማለት ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፤ በቀበሌው አቆጣጠር አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ይሞላል። «ያ የናንተ ሸንተረር ግን ወገብ የለውም። ሦስት ጥማድ ከየት ይወጣዋል?»

እትዬ ማንጠግቦሽ ዳቦ አቅርበው ነበርና ቢላዋውን ጠየቅሁ። አንዱን ቁራሽ እኩል ሦስት ቦታ ቆርጬ ገበታው ላይ በአንድ መስመር ደረደርኩት።

«ይኸውልዎ፣ ቅድም ወፍራም ነበር፤ አሁን ረጅምና ቀጭን ነው። ዳቦው ግን ያው ዳቦ ነው። ጨመረ? ጎደለ?»

አያ ቢተው ገበታውን በጣታቸው ነኩ። «ፍርፋሪው ጎደለ» አሉ።

«ፍርፋሪውን ይተዉት።»

«ለምን እተወዋለሁ? የኔ ዳቦ አይደለም እንዴ?»

እትዬ ማንጠግቦሽ ደግሞ የተቆረጠውን አንሥተው አዩት። «ዳሩ በዛ» አሉ። «ዳር የበዛበት ዳቦ ቶሎ ይደርቃል። ያ መሬትም ዳሩ ሁሉ የከብት መንገድ ነው። ያሁኑ ማሳችን ከኋላ ተከልሎ ተቀምጧል። ወደፊት ካወጣችሁን ሦስት መቶ ሜትር ሙሉ ላም አፏን ታስገባብናለች። ይኼንንስ በካሬ ለክተኸዋል?»

አልለካሁም ነበር። ወረቀት አውጥቼ ደመርኩ። የኋላው ማሳ ዙሪያው ሦስት መቶ ሃምሳ ሜትር፣ የቀጭኑ መሬት ስድስት መቶ ሃምሳ። በውስጡ ያለው ስፋት እኩል ሆኖ ዙሪያው እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ይኼን በዓይኔ ሳየው እኔም ገረመኝ።

እናኑ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። «አጥሩን እኛ እናጥራለን» አለች። «የመንገዱን ጎን በሙሉ፣ በዲከረንስ።»

«አንች አንድ ሰው ነሽ» አሉ አያ ቢተው።

«አሥራ ስምንት ነን።»

አያ ቢተው ፍርፋሪውን ሰብስበው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። «አጥሩ ጥሩ። መሬቱን ግን የሚለካልኝ በሬዬ ነው። ነገ ከዚያ ሸንተረር አንድ ጥማድ ነው የምትለውን ምልክት አድርግልኝ። በሬዎቼ ጥማድ ነው ካሉ እፈርማለሁ።»

የተስማማሁት እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። ሂሳብ በበሬ አይሸነፍም ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ፣ መሬቱ ጎደለ

በማለዳ ከቀጭኑ መሬት መቶ በሃያ አምስት ሜትር ለክቼ አራት ችካል ተከልኩ። አያ ቢተው በሬዎቻቸውን ጠመዱና በርዝመቱ መትለም ጀመሩ። በሬዎቹን በአዊኛ፣ እኔን በአማርኛ ይቆጣሉ። «ከፊት ዞር በል፣ መምህር» ሲሉኝ ዞር አልኩ። ቀጥሎ በአዊኛ የሆነ ነገር ጮኹ፤ አሁንም ዞር አልኩ። ያኛው ለቀዩ በሬ ነበር።

በሬዎቹ ጥሩ ሄዱ። ረጅም ትልም ይዘው ቀጥ ብለው ይነጉዳሉ፤ ዳር ሲደርሱ ይዞራሉ፤ እንደገና ይነጉዳሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ በየቀኑ ምሳ የሚያመጡት አንዱ ጥማድ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። የዚያን ቀን ምሳ ይዘው ሲመጡ ባላቸውን ያገኟቸው በሬ ፈትተው ወደ ቤት ሲመለሱ ነው።

አያ ቢተው አልተቆጡም። እንዲያውም አዘኑልኝ። «መሬትህ ጎዶሎ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ጥማድ አይሞላም። ወይ ሜትርህ ተበልቷል።»

መለኪያውን ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ እንደገና ለካን፤ ያው ነው። እናኑ ችካሎቹን አንድ በአንድ ነካክታ አረጋገጠች። በሬዎቹ ግን ቆመው ያመሰኳሉ፤ ለሚከራከራቸው ሰው መልስ የላቸውም። ማታ ለሙሉ ደውዬ «ነገም አልመጣም» አልኳት። «ምን ሆነ?» አለች። «በሬዎቹ አላመኑኝም።»

ዓርብ፣ መሬቱ ተረፈ

በዚህ አገር መሬት አንዴ ታርሶ አይተውም፤ በርዝመቱ የታረሰው በአግድሙ ይደገማል። ዓርብ ጠዋት አያ ቢተው ያንኑ ቦታ በአግድሙ ለማረስ ጠመዱ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ዳር ላይ ተቀመጥኩ። እናኑ አጠገቤ መጥታ ሣር ትነጫለች።

በሬዎቹ ገና መራመድ ከመጀመራቸው ዳር ይደርሳሉ። አያ ቢተው እርፉን ያነሣሉ፣ ይጮኻሉ፣ ቀዩ በሬ ወደ ቀኝ ሲል ጓደኛው ወደ ግራ ይላል፤ ተጎትተው ይዞራሉ፣ ይቆማሉ፣ ይተነፍሳሉ። ሃያ አምስት ሜትር ሄደው እንደገና ያው ነው። ምሳ መጣ፤ ግማሽ አልደረሱም። አያ ቢተው በልተው ተመለሱ። ከብቶች ከግጦሽ ወደ ቤት ሲነዱ እሳቸው ገና ያርሱ ነበር። የመጨረሻውን ትልም ጨርሰው ቀንበሩን ሲያወርዱ ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል።

አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ዛሬ ደግሞ ተረፈ» አሉ። «ጥማድ ተኩል አይደለም፣ ሁለት ጥማድ ሊሆን ነው።»

«ችካሉን ያንቀሳቀሰው የለም፣ አያ» አለች እናኑ።

«አውቃለሁ። ሳርስ ሳየው ነው የዋልኩት።»

እኔም የገባኝ ያኔ ነው። በርዝመቱ ሲያርሱ የሚዞሩት ጥቂት ጊዜ ነበር፤ በአግድሙ አራት እጥፍ ዞሩ። በሬዎቹን ያደከማቸው ስፋቱ ሳይሆን መዞሩ ነው። ይኼን በጣቴ መሬት ላይ እየሣልኩ ነገርኳቸው። አያ ቢተው ሥዕሉን አዩ፣ በሬዎቹን አዩ።

«ትናንት ጎዶሎ፣ ዛሬ ትርፍ» አሉ። «መሬት በአንድ ሌሊት አያብጥም። የቀየረው የኔ በሬ ነው።» ቀጥለውም ጨመሩ፦ «ሃምሳ ዓመት ጥማድ ስል መሬት የለካሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ድካሜን ነው የለካሁት።»

እኔ ደግሞ ካሬ ስል ሁሉን የለካሁ መስሎኝ፣ የእትዬ ማንጠግቦሽን ላም ረስቼ ነበር። ይኼንን ስነግራቸው «እሱስ እውነት ነው» አሉና ሣቁ። እሳቸው ሲስቁ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው።

እናኑ አልሣቀችም። «አያ፣ እንግዲህ ምን ይሁን?» አለች።

«ምን ይሆናል? በርዝመቱ አርሰዋለሁ፤ ለአግድሙ የኳስ ልጆች በሬ ነድተው ያግዙኛል። አንች ከፊት ትሄጃለሽ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ከቀጭኑ መሬት አንድ እፍኝ አፈር ዘግነው በመዳፋቸው ፈረፈሩት፤ ከማሳቸውም ዘግነው ፈረፈሩ። ሁለቱንም አሸተቱ። «ያው ነው» አሉ። ከሁላችንም ልኬት በኋላ ጉዳዩን የዘጋው ይኼ ነው።

ቅዳሜና እሁድ

ቅዳሜ ሊቀመንበሩ መጥተው ልውውጡን አጸደቁ። «ስንት በስንት?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁና ራሳቸው በመለኪያዬ ደገሙት። የቡድኑ ልጆች ቀኑን ሙሉ አጥር አጠሩ፤ በረኛዋ ጭምር። እኔ ከመቶ በመቶው ውስጥ መቶ በስልሳ አራት ሜትር ለይቼ መስመሩን በአመድ አሰመርኩ፤ የቀረው ለተመልካች ሆነ። ከዋርካው አጠገብ የነበረውን ጎል አራት ሆነው ተሸክመው አመጡት።

እሁድ ከሰዓት ከአዲስ ቅዳም በኩል የመጣው ቡድን ወረደ። ፊሽካ ነፋሁ። የእናኑ ቡድን ሜዳው ሰፍቶለት ሳለ አሥሩም በመሐሉ ሃያ አምስት ሜትር ላይ ተሰልፈው ይሮጣሉ። ዳሩ ባዶ ነው። እንግዶቹ በባዶው ዳር እየገቡ ጨዋታው ሳይጋመስ ሁለት አገቡ። አያ ቢተው ከመስመሩ ውጭ ቆመው «ወደ ዳር! መሬቱ የናንተ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። መሬታቸውን ሰጥተው ሰው ሳይጠቀምበት ማየት አበሳጫቸው።

ከዕረፍት በኋላ እንግዶቹ ደከሙ። አራት መቶ ሜትር ሲሮጡ የከረሙት ግን ገና መሞቃቸው ነበር። እናኑ አንድ አገባች፤ ሊያልቅ ሲል ሌላዋ ደገመች። ሁለት ለሁለት ተለያዩ። በረኛዋ ሁለቱንም ጎል በዓይኗ በማየቷ ካገቡት ይልቅ እሷ ዘለለች።

«ማሸነፍ ነበረብን» አለችኝ እናኑ ቦርሳዬን ስታቀብለኝ። «ስፋቱን ገና አልለመድነውም።»

እሁድ ማታ፣ እንጅባራ

በመጨረሻው ሚኒባስ ተመለስኩ። እንጅባራ ብርዷን ይዛ ጠበቀችኝ፤ ሹራቤን ለበስኩ። ከዚህ ጉዞ የያዝኩት ትምህርት አጭር ነው። ካሬ ሜትር መሬት ምን ያህል እንደሆነ ይነግራል እንጂ ምን ዓይነት እንደሆነ አይነግርም። ኳስ ስፋት ትፈልጋለች፣ በሬ ርዝመት ይወዳል፣ ላም ዳር ትፈልጋለች፤ ሦስቱም አንድ ሄክታር ላይ ሊጣሉ ይችላሉ።

ሙሉ ራት አቅርባ ደስ የሚል ዜና ነገረችኝ። እኔ በሌለሁበት የሚከራይ ቤት አግኝታለች፤ ካለንበት የሚረክስ፣ ውኃ ያለው፣ ሃያ አራት ካሬ። ቁልፉን ነገ ልትቀበል ነው።

«ስንት በስንት ነው?» አልኳት።

«ሃያ አራት ካሬ አልኩህ እኮ። ያሁኑ አሥራ ስድስት ነው።»

«ስንት በስንት?»

አኮረፈችኝ። ጠዋት ግን አብረን ሄድን። ባለቤትየው በሩን ከፈቱልን። ቤቱ ቀድሞ በሁለት ሱቆች መካከል መተላለፊያ የነበረ ነው፤ ጣሪያ ተደርጎለታል። ሁለት በአሥራ ሁለት። ሙሉ ገባችና እጆቿን ግራና ቀኝ ዘረጋች፤ ሁለቱን ግድግዳ ልትነካ ትንሽ ቀራት። እንደዚያው እንደ ዘረጋች እስከ መጨረሻው ሄዳ ተመለሰች።

«ካሬው ልክ ነው» አሉ ባለቤትየው።

«ልክ ነው» አለች ሙሉ። «ከባሌ ጋር ተላልፈን መሄድ ግን አንችልም፤ ስንጣላ ማን ወደ ኋላ ይሄዳል?»

አመስግነን ወጣን። መንገድ ላይ መለኪያውን ከቦርሳዬ አውጥታ በራሷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው፤ በዚያው ቀን ሌላ የምታየው ቤት ነበራት።